የሚወደውን አብሉት

መጋረጃውን ደራርቦ ቢሰቅለውም ብርሃኑ በጠርዙ ሾልኮ ይገባል፤ ኪዳነወልድ የሰው አገር አዛውንቶችን ሲያገላብጥ፣ ውሃ ሲያጠጣ፣ ትራስ ሲያስተካክል አድሮ አሁን በጠዋቱ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይገልጣል፣ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ እንቅልፍ ግን ወይ ፍንክች። ስልኩ ትራሱ ሥር ይንቀጠቀጣል። አኒካ ናት። በዚህች በስዊድን ሰሜን ጫፍ ባለች ከተማ ካንሰር ለያዘው ሰው አንዲት ነርስ ትመደብለታለች፣ ለእኛ ሰው የንስሐ አባት እንደሚያዝለት ማለት ነው፤ ስሟን ያውቃል፣ በቀጥታ ይደውልላታል፣ እሷም ትደውልለታለች። ይቺኛዋማ መደወል አታቆምም። ትናንት የድምፅ መልእክት ትታለት ነበር፦ ውሳኔህን እስከ ዛሬ ከሰዓት ካላሳወቅከኝ ወረፋህ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ደህና ነህ ወይ፣ እባክህ ደውል። ደህና ነህ ወይ! ያለቀለት ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል ይላል ለራሱ፣ ወዲያው ደግሞ በራሱ ይበሳጫል፤ ያለቀለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሌላውን ሲደግፍ ያድራል እንዴ? ስልኩ ዝም ይላል። እፎይ። እፎይ ካለ በኋላ ደግሞ ለምን ዝም አለ ብሎ ይከፋዋል።

ነገሩ የተበላሸው ሐኪሙ ዘንድ የገባ ዕለት ነው። ሐኪሙ ልጁ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ አይጠፋም፤ የኪዳነወልድ ስዊድንኛ ለሥራ እንጂ ለእንዲህ ያለ ወሬ አይበቃም ተብሎ አስተርጓሚ በስልክ ተደውሎላት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፣ ማለትም ድምፅዋ ተቀምጧል፣ ከሌላ ከተማ የምታወራ የአዲስ አበባ ልጅ። ካንሰሩ ፕሮስቴት በምትባለው ዕጢ ውስጥ ነው አለችው፣ ከዕጢዋ አልወጣም፣ ወደ አጥንትም ወደ ሌላ ቦታም አልሄደም። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ክብ ክብ እየሳለ መደርደር ጀመረ፣ እሷም ትከተለዋለች። አንዳንዱ ሰው ምንም ሳይነካ በምርመራ ብቻ በቅርብ ይከታተሉታል፣ የእርስዎ ግን ቶሎ ሊያድግ የሚችል ዓይነት ስለሆነ አንመክርም። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ዕጢዋን ከነካንሰሩ ማውጣት። ጨረር አለ፣ ሳይቆርጡ በማሽን ማቃጠል፤ እሱ ካንሰሩን የሚመግበውን ሆርሞን ከሚያደርቅ መርፌ ጋር ይሰጣል። በደም ሥር የሚሰጠው ኬሞ ለእርስዎ አሁን አያስፈልግም፣ እሱ ለተሠራጨ ነው። የሰውነትን ወታደሮች የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች አሉ፣ ነቀርሳውን ለይተው የሚመቱም አሉ፣ እነሱም ለሌላ ዓይነትና ለሌላ ደረጃ ናቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽንት ሊያመልጥዎ ይችላል አለች፣ ጨረሩ ደግሞ አንጀት ይቆጣ ይሆናል፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ሌላውም ነገር ነገረችው፣ ኪዳነወልድም ስልኩን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ ስልክ ማየት የሚያሳፍረው ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ፣ እጆቹን አጣጠፈ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ለስለስ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ። «ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ለእርስዎ እኩል ናቸው» አለች አስተርጓሚዋ። «ስለዚህ ምርጫው የእርስዎ ነው። እርስዎ ምን ይፈልጋሉ ይላሉ።»

ምን ይፈልጋሉ! ኪዳነወልድ ወንበሩን ጨበጠ። ምን እንደተባለ ገብቶታል፣ ሐረር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። አባቱ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ ነበሩ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከሩ፣ በዕድሜያቸው ምን ትፈልጋለህ ተብለው የተጠየቁ አይመስለኝም ይላል ልጃቸው፤ የተሰጣቸውን ይበላሉ፣ የታዘዙበት በር ላይ ይቆማሉ። ሆዳቸው አብጦ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ሽማግሌው ሐኪም አጎቱን ወደ ኮሪደሩ ጠሩት፣ ኪዳነወልድ በሩ ሥር ቆሟል፣ ጎረምሳ ነው፣ ይሰማል፦ «ውሰዱት፤ የሚወደውን አብሉት።» ይኼው ነው። ሰው አላለቀሰም፣ አልተጠየቀም፣ ለበሽተኛው ምንም አልተነገረም፤ በጋሪ ይዘዋቸው ወደ ኤረር በር ሲወርዱ አባቱ እንደ ሙሽራ ትራስ ተደግፈው ነበር። እቤት እንደገቡ እናቱ ጽጌሬዳ አልጋው ጫፍ ተቀመጠችና፣ የት እንደተማረችው እንጃ እንጂ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ምን ላምጣልህ? ምን አማረህ?» አለቻቸው። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ሚስታቸውን ረጅም ጊዜ አዩአት። «ደርሷላ» አሉ። ቀጥለው ጊሽጣ አሉ፣ ወቅቱ አልነበረም፣ ጎረቤታቸው አው ዐብዱልጀሊል ግን ድሬ ጠያራ ድረስ ወርደው ከየት እንዳመጡት ሳይናገሩ ሁለት ፍሬ በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ፣ አባቱ አንድ ማንኪያ ቀመሱ፣ ጎበዝ ጎበዝ ብለው አመሰገኑ፣ በሳምንታቸው ተቀበሩ። ሰው ሲድን ምን ትፈልጋለህ አይባልም። ሰው ሲድን ይታዘዛል፦ ዋጥ፣ ተኛ፣ ክንድህን ስጠኝ። ደግሞስ ስድስት ዓይነት መድኃኒት የሚደረድር ሐኪም፣ አንዱ ቢሠራለት አንዱን አይሰጥም ነበር? እናቱ ጊደር መጋላ ከሚባለው ገበያ አትክልት ስትገዛ ሻጩ «ራስሽ ምረጪ» ካላት ቅርጫቱን ትታ ትሄዳለች፣ ከሥሩ የበሰበሰ አለው ብላ። ሐኪሙ እጁን ሲጨብጠው እንኳ አጥብቆ ነው የጨበጠው። ኪዳነወልድ አመስግኖ ወጣ፣ ሱቅ ገባ፣ የሚወደውን ፈለገ፣ የሚወደው ነገር ትዝ አላለውም፣ ባዶ እጁን ቤቱ ገባ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መሰናበት ያዘ። ለማንም ሳይናገር ነዋ። ለማን ይናገራል? እዚህ ያለው የአገር ሰው ሁለት ቢሆን ነው፣ እነሱም በፈረቃ የሚኖሩ፣ ሰላምታቸውን በአውቶብስ መስኮት የሚለዋወጡ። ለእናቱማ እንዴት ይነገራል፣ በሰማንያ ዓመቷ፣ በስልክ? የወንድም ሞት እንኳ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተልኮ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ከበው ነው። ስለዚህ ይደውላል ብቻ። በፊት እሁድ እሁድ ይደውል የነበረ ሰው በየቀኑ ይደውላል፣ የእናቱን ጉልበት ይጠይቃል፣ የዶሮዎቿን ጤና ይጠይቃል፣ በልጅነቱ ሲያስቸግራት እንደነበረ ያነሳና ይቅርታ ይላል፣ የግቢው ግድግዳ ተቀባ ወይ ይላል፣ የመድኃኔዓለም ደወል ሲደወል ስልኩን ወደ ውጭ አውጪልኝ ይላል። እሷም ታወጣለታለች። እማዬ እወድሻለሁ አላት አንድ ቀን። «ምን ነካህ?» አለችው። እሱ ሳቀ፣ መሥመሩ ጥሩ አይደለም አለ፣ ዘጋ፣ ከዚያ በዚህች አልጋ ላይ እንደዛሬው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፣ ይወዳታልና፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይነግራት ስለኖረ፣ ሲነግራትም እንደ ሰላይ ስለሆነ።

ስልኩ እንደገና ይንቀጠቀጣል። አኒካ መስላው ሊገለብጠው ሲል የሐረር ቁጥር ነው። ናዝራ። የአው ዐብዱልጀሊል ልጅ፣ ከሷ ጋር አጥር ለአጥር አድገው፣ በአንድ ቀን ክትባት ተወግተው፣ በአንድ ቀን አልቅሰው፤ አሁን የኢሳም ሚስት፣ የልጆች እናት፣ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና ስክሪኑን ሞልታ ታየው። ፊቷ ብቻ አይደለም የሚታየው፣ ከኋላዋ የግቢው ነጭ ግድግዳና የሰማዩ ቁራጭም ጭምር።

«አቦ ኪዳኔ፣ ተኝተሃል? ተነስ። እናትህ አጠገቤ የሉም፣ ሰገነት ላይ ነኝ፣ ቶሎ ንገረኝ፤ ምን ሆነሃል?»

«ምን እሆናለሁ? ደህና ነኝ።»

«ወላሂ አልሰማህም። እትዬ ጽጌሬዳ ትናንት ምን አሉኝ መሰለህ? ልጄ ሰሞኑን ደግ ሆኗል፣ አንድ ነገር ሆኗል አሉኝ። እንቅልፍ አጡ እኮ! ሰው ዝም ብሎ ደግ አይሆንም።»

ኪዳነወልድ ሊስቅ ነበር፣ ተወው። ነገራት። ሃምሳ ዓመት የሚያውቃት ሴት ናት፣ ያስተርጓሚዋን ያህል አላሳፈረችውም። ዕጢዋን፣ ክብ ክቡን፣ መርፌውን፣ ሁሉንም፣ በመጨረሻም ሐኪሙ ምን ትፈልጋለህ እንዳለው ነገራት፣ ታውቂያለሽ ምን ማለት እንደሆነ አላት፣ እኔ ራሴ በሩ ሥር ሰምቼዋለሁ፣ ለአባቴ ጊሽጣ ያመጡት አባትሽ ናቸው። ናዝራ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ልታለቅስ መሰለው። ሳቀች። ሱብሐነላህ እያለች ሳቀች፣ ሰገነቱ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች።

«ስማኝ ኪዳኔ። እኔ ያን ጊዜ የደም ማነስ ነው ብለውህ ነበር አይደል? ያመመኝ ጊዜ?»

«አዎ። የደም ማነስ።»

«ጡቴን ነው። ካንሰር ነበር።» ቃሉን ሳትሸራርፍ አለችው። «አንተ ባሕር ማዶ ነህ፣ ለምን ይጨነቃል ተባለ፣ እኔም እሺ አልኩ። ሐኪሙ ለኢሳም ነገሩት በረንዳ ላይ። ኢሳም ለአባቴ፣ አባቴ ለአጎቶቼ፣ ሁሉም ተቀምጠው መከሩ፤ ለእኔ ትንሽ እብጠት ናት፣ ትወጣለች አሉኝ። ስነቃ ጡቴ የለም። ከዚያ መድኃኒቱን በክንዴ ይሰጡኛል፣ ምንድነው ስል ጉልበት የሚሰጥ ነው ይሉኛል፣ ፀጉሬ በእጄ እየወጣ! ጨረሩን አዲስ አበባ ወረፋ ጠብቄ ወሰድኩ፤ ይኸው አሁንም በየቀኑ አንዲት ክኒን እውጣለሁ፣ እንዳይመለስ ነው። አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ። ግን በምን እንዳወቅኩ ታውቃለህ? የኢሳም እናት ሾርባሽ ጣፈጠኝ ሲሉኝ ነው። ሃያ ዓመት ጨው በዛበት ሲሉ ኖረው! ያን ቀን አለቀልሽ ናዝራ አልኩ። ሰው ሁሉ በድንገት ወደደኝ፣ በፍርሃት ልሞት ነበር።»

ኪዳነወልድ አፈረ። ያን ጊዜ በስልክ የጠየቃት እሱ ራሱ ነው፣ ደም ማነስ ከሆነ ቴምር ብዪ፣ ጥሩ ነው ብሎ መክሯት ነበር፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይህ ነው። ይቅርታ ሊላት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«አንተን እኮ ጠየቁህ። እኔን ማን ጠየቀኝ? አባትህ ምን ይበላሉ ነው የተባሉት። አንተን ምን ትበላለህ ብለውሃል? ከሁለት መድኃኒት አንዱን ምረጥ ነው ያሉህ!»

«ለማጽናናት ቢሆንስ?»

«እንግዲያው ነርሷን ጠይቃት። እድናለሁ ወይ በላት፣ እንደሱ ብለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለእናትህ ግን እኔ አልነግርም፣ አንተ ነህ የምትነግራቸው። እኔ በር ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ፣ ብቻቸውን አይሆኑም ኢንሻአላህ። አላህ ያሽርህ ወንድሜ፣ ተነስና ፊትህን ታጠብ።»

ታጠበ። ለአኒካ ደወለ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው፣ ስልኩን በእጇ ይዛ የተቀመጠች ይመስል፣ ስሙንም እንደሁልጊዜው አጣማ ጠራችው። እድናለሁ ወይ አላት፣ በሥራ ቦታ ስዊድንኛው፣ ሰው ሻወር ሲያስገባ በሚጠቀምበት ቃላት። ሐኪሙ አልነገረህም? አለች፤ ሁለቱም የሚሰጡት እንድትድን ነው፣ እኩል ናቸው የተባልከው በማዳን እኩል ስለሆኑ ነው፣ ማንም ዋስትና መስጠት አይችልም፣ ግን በጊዜ ነው የተገኘው። ታዲያ ለምን ጠየቃችሁኝ? አላት፣ ድምፁ ከፍ አለ። ገላው ያንተ ነዋ አለችው። ኪዳነወልድ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠ። እሷ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተናገረች፣ ስለ ሕመም ፈቃድ፣ ስለ ታክሲ፣ እሱ የሰማው ግን አንዱን ብቻ ነው። እስከ ከሰዓት ጊዜ አለህ አለችው፣ የምታማክረው ሰው ካለ አማክር።

የሚያማክረው ሰው ዶሮዎቿን እየመገበች ነበር። ለናዝራ መልሶ ሲደውል ስልኩን ለእናቱ ሰጥታ ከግቢው ወጣች፣ በሩ ግን አልተዘጋም፣ የሻሿ ጫፍ ይታያል። እናቱ ስክሪኑን በጣም አቅርባ ስለምትይዝ ግማሽ ግንባሯና አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ሁልጊዜም በዚያች አንድ ዓይን ነው የሚያወራት። እማዬ አላት። ወዬ አለች። እማዬ ካንሰር ይዞኛል፣ ይታከማል ብለዋል፣ እንድድን ነው የሚያክሙኝ። በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረሰው። ዓይኗ አልተንቀሳቀሰም። በስተኋላዋ አንድ ዶሮ ጮኸች፣ ናዝራ እሽ አለቻት።

«አውቄያለሁ» አለች እናቱ። «ይህን አላወቅኩም፣ ግን አውቄያለሁ። በል ምን ያደርጉልሃል?»

እንደ ገበያዋ ነው የጠየቀችው፣ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል። አንዱ ቀዶ ሕክምና ነው አላት፣ ይቆርጡና ያወጡታል፣ ጥቂት ቀን ሆስፒታል ተኝቼ ቤቴ እገባለሁ፣ ለሳምንታት ከባድ ነገር አላነሳም፣ ብዙ አልንቀሳቀስም። ሌላውስ? ሌላው ጨረር ነው፣ አያምም፣ ማሽን ሥር ትንሽ ደቂቃ እተኛለሁ፣ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ነው የሚኬደው፣ ለሳምንታት፤ መርፌም አለው፣ መርፌው ላብ ላብ ይላል አሉ፣ ያደክማል። ያድናል? ሁለቱም እኩል ነው የሚያድኑት። እናቱ አሰበች። ጸበል እልክልሃለሁ አለች በመሃል፣ ለሐኪሞቹም እንዲጠጡ፤ እሺ አላት። ከዚያ ያን የፈራውን ጠየቀችው። ሞት አልነበረም ለካ የፈራው፣ ይህ ነበር።

«ከቆረጡህ በኋላ ማን ያስታምምሃል?»

ሰው ሞልቷል ሊል ነበር። ሁልጊዜ የሚላት ይህንን ነው፣ ሰው ሞልቷል እማዬ፣ የአገር ልጆች አሉ፣ በዓልን አብረን ነው የምናሳልፈው፤ አንድ ጊዜማ የሥራ ባልደረቦቹን ልደት ፎቶ ልኮላት እነዚህ ጓደኞቼ ናቸው ብሏታል፣ እሷም ለጎረቤቷ ለጃሚላ አሳይታለች፣ ለመንደሩ አሳይታለች። እሱ የሰው እናትና አባት ሲያስታምም ያድራል፣ ውሃ የሚያቀብለው ግን… አልጋውን አየ። አንድ ትራስ ነው ያለው።

«ማንም የለም እማዬ» አላት።

እናቱ ስልኩን ከፊቷ አራቀችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቷን አየው፣ አርጅታለች፣ ጉንጮቿ ገብተዋል፤ ነጠላዋን ሰብስባ ፊቷን ጠረገችና መልሳ አቀረበችው። «እኔ ልጅ ወልጄ ማንም የለም ተባልኩ?» አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ፣ ወዲያውም ጠነከረ። «በል ስማኝ። መቆረጡን ተወው። አንተ ቤትህን ዘግተህ ተኝተህ፣ ውሃ የሚያቀብልህ ሰው ሳይኖር፣ እኔ እዚህ እንዴት እህል ይወርድልኛል? በየቀኑ የሚኬደውን አድርግ። ጠዋት ትነሳለህ፣ ትታጠባለህ፣ ትለብሳለህ፣ ትሄዳለህ። እጅህን የሚይዙህ ሰዎች አሉ እዚያ። አንድ ቀን ብትቀር የት ቀረ የሚል ሰው ይኖራል።»

ከበሩ በኩል ናዝራ እውነታቸውን ነው አለች። ኪዳነወልድ ማልቀሱን አልደበቀም፣ እናቱም እያየችው አታልቅስ አላለችውም፤ ሲበቃው ሂድ ደውልላቸው አለችው፣ ማታ መልሰህ ደውልልኝ፣ እንደዱሮህ ተቆጣኝ እንጂ እንደሰሞኑ አታባብለኝ።

አኒካ አሁንም ቶሎ አነሳችው። በጨረሩ ይሁን አላት። ጥሩ ነው አለች፣ ለሐኪሙ አሁኑኑ እነግረዋለሁ፣ መርፌውን በመጪው ሳምንት እንጀምራለን፣ ሌላ መጠየቅ የምትፈልገው ነገር አለ? ኪዳነወልድ መስኮቱ ጋ ሄዶ መጋረጃውን ከፈተ፣ የጠዋቱ ብርሃን ዓይኑን አጨናበሰው።

«አንድ ቀን ብቀር» አላት፣ «ትፈልጉኛላችሁ?»

«እደውላለሁ» አለችው። «ካላነሳህ ደግሞ ቤትህ እመጣለሁ።»